በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ለእግረኛ የሚመች ሰፈር፦ ከስድስት ዓይነት የዞን ደንቦች የትኛው ይሻላል?

አንድ ከተማ ለባቡር መሥመር ብዙ ገንዘብ ያፈስሳል፤ ሐዲዱ ይዘረጋል፣ ጣቢያው ይመረቃል። ከዓመታት በኋላ ከጣቢያው ለሚወጣ ሰው የሚታየው ግን የተንጣለለ የመኪና ማቆሚያ፣ በአጥር የተከበበ ረጅም ሕንፃና እየሮጡ የሚሻገሩት አውራ ጎዳና ነው። ባቡሩ የድርሻውን ተወጥቷል። ያልተወጣው በጣቢያው ዙሪያ ምን እንደሚሠራ፣ ከመንገዱ ምን ያህል ርቆ እንደሚሠራና በሩ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ደንብ ነው።

ይህን ደንብ ለማሻሻል የተሰየመ ሰው፣ የምክር ቤት አባልም ይሁን ፕላነር ወይም የነዋሪዎች ተወካይ፣ ብዙም ሳይቆይ ግራ ይጋባል። አንዱ አማካሪ «የፎቅ ገደቡ ይነሣ» ይላል። ሌላው «ልዩ ዞን ይከለል»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ከእያንዳንዱ አልሚ ጋር እንደራደር» ይላል። ሦስቱም የሚያሳዩት ሥዕል አንድ ነው፦ ዛፍ፣ ካፌ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት። ሥዕል ደግሞ ማንንም አያስገድድም። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

በእግር የሚደረስበት ርቀት። አብዛኞቹ ደንቦች ጣቢያውን ማዕከል አድርገው 400 ወይም 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይስላሉ። በጃፓን የቤት ማስታወቂያዎች 80 ሜትር እንደ አንድ ደቂቃ የእግር መንገድ ይቆጠራል፤ በዚህ ስሌት 800 ሜትር አሥር ደቂቃ ነው። ክቡ 200 ሄክታር ያህል መሬት ይይዛል። ነገር ግን ሰው እንደ ወፍ አይበርም። መንገዶቹ ሁሉ ቀጥ ብለው በመስቀለኛ በተዘረጉበት ከተማ እንኳን 800 ሜትር ተራምዶ የሚደረስበት መሬት ከክቡ 64 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አጥር፣ ወንዝ ወይም የሐዲዱ የራሱ ግንብ በመካከል ሲገባ ደግሞ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። የብሎክ፣ ማለትም በሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል ያለው ቁራሽ፣ ርዝመትም ወሳኝ ነው፦ በፖርትላንድ፣ ኦሪገን መሀል ከተማ አንድ ብሎክ 61 ሜትር ሲሆን በሶልት ሌክ ሲቲ ግን 200 ሜትር ይደርሳል። በሁለተኛው ከተማ ማዶ ያለውን ሱቅ እያየ ወደ መስቀለኛው ለመድረስ የሚታክት እግረኛ ብዙ ነው። የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው፦ ደንቡ ርቀቱን ከጣቢያው መውጫ በር ጀምሮ ሰው በሚሄድበት መንገድ ይለካል? ረጅም ብሎክ የሚገነባ ሰው ለሕዝብ መተላለፊያ እንዲከፍት ያስገድዳል?

የምድር ወለል። እግረኛ 20ኛውን ፎቅ አያይም። የሚያየው በዓይኑ ትይዩ ያለውን ነው፦ በር፣ መስኮት፣ ወይም ድፍን ግድግዳ። ግድግዳው 60 ሜትር ከሆነ መንገዱ ቀን አሰልቺ፣ ማታ አስፈሪ ይሆናል። ጥሩ ደንብ ከመንገድ የሚራቀውን ትንሹን ርቀት ብቻ ሳይሆን ትልቁንም ይወስናል፤ አለዚያ አልሚው ሕንፃውን ወደ ኋላ ስቦ ፊቱን ለመኪና ይሰጠዋል።

የመኪና ማቆሚያ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ነውና። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 12 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆንም መግቢያውና መዞሪያው ሲደመርበት ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል። እንግዲህ «ለእያንዳንዱ 30 ካሬ ሜትር ቢሮ አንድ ማቆሚያ» የሚል ደንብ ለሰው የሚሠራውን ያህል ወለል ለመኪናም ሥራ ማለቱ ነው፤ ያውም ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ይህን ለማረም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዝቅተኛውን ግዴታ መሰረዝ ነው። የአሜሪካዋ ቡፋሎ በ2017 በመላ ከተማዋ ሰርዛዋለች፤ ካሊፎርኒያም በ2022 ባወጣችው ሕግ ከዋና ዋና የሕዝብ ትራንስፖርት ጣቢያዎች 800 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ አስቀርታዋለች። ሁለተኛው ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። ለንደን በ2004፣ ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 «ከዚህ አታሳንስ» የሚለውን «ከዚህ አታስበልጥ» በሚለው ለውጠዋል። ሁለቱ ተመሳሳይ ቢመስሉም ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ግዴታው ብቻ ሲነሣ ውሳኔው ወደ አልሚውና ብድር ወደሚሰጠው ባንክ ይዞራል፤ «ያለ ማቆሚያ ቤቱ አይሸጥም» ብለው ከፈሩ እንደ ድሮው ይሠሩታል። ጣሪያው ግን ለሁሉም እኩል ስለሆነ ከተፎካካሪዬ አንሳለሁ የሚል ሥጋት አይኖርም።

ግልጽነትና አቅም። ደንቡን አንብቦ «ይህን ብሠራ ፈቃድ አገኛለሁ» ማለት ይቻላል ወይስ መልሱ ከስብሰባ በኋላ ነው የሚታወቀው? ፈቃድ ሰጪው ቢሮስ ደንቡን የሚያስፈጽም ሰው አለው? ሦስት ባለሙያ ያለው ጽሕፈት ቤት የሠላሳ ባለሙያ ደንብ ሲያውጅ ውጤቱ መጓተት ነው፤ መጓተት ባለበት ደግሞ የጓሮ በር ይከፈታል።

ትርፉ የማን ነው? ጣቢያ የመሬትን ዋጋ ያንራል። ያን ዋጋ የሕዝብ ገንዘብ ፈጥሮት ሳለ ሙሉ በሙሉ ለቦታው ባለይዞታ መተው ወይም በከፊል ለእግረኛ መንገድና ለተመጣጣኝ ቤት ማዋል በደንቡ ይወሰናል።

የሕንፃ ከፍታን ከመመዘኛዎቹ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። በጣቢያ ዙሪያ የሰው ብዛት ያስፈልጋል፤ ከፍታ ግን ከአጥርና ከጋራዥ ጋር ከመጣ ሰውን ከአሳንሰር ወደ መኪና እንጂ ወደ መንገድ አያወጣውም።

## አማራጮቹ

### 1. ነባሩን ዞን አሻሽሎ ገደቡን ማንሣት

መሬትን ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ ብሎ የሚከፋፍለው ደንብ በአሜሪካ ሕጋዊ መሠረቱን ያጸናው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1926 ውሳኔ ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ ያለችው ዩክሊድ የክርክሩ ባለቤት ስለነበረች ስሟ ለዚህ ዓይነቱ ደንብ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ቀላሉ ማሻሻያ በጣቢያው ዙሪያ የፎቅና የወለል ስፋት ምጣኔውን ከፍ ማድረግ ነው። ምጣኔው የወለሎቹ ሁሉ ድምር ስፋት ለቦታው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ምጣኔ 4 ሲፈቀድ በ1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 4,000 ካሬ ሜትር ወለል ይሠራል።

ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ቁጥር ይለወጣል፣ ማንም ባለሙያ ያነበዋል። ለእግረኛው ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ ስለ በርና መስኮት አይናገርም፣ መኖሪያንና ሱቅንም እንደተለያዩ ሊተዋቸው ይችላል። ይህ ግን በራሱ የዓይነቱ ጥፋት አይደለም። በጃፓን ዞኖቹ 13 ሲሆኑ በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰኑ ናቸው፤ መኖሪያ ቤት ከአንዱ፣ ለኢንዱስትሪ ብቻ ከተተወው ዞን በስተቀር በሁሉም ይፈቀዳል። በጣም ጥብቅ በሆነው የዝቅተኛ ሕንፃ መኖሪያ ዞን እንኳን የቤቱ አካል የሆነች እስከ 50 ካሬ ሜትር የምትደርስ ሱቅ መክፈት ይቻላል። ከጣቢያ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ትንንሽ ሱቆች እንዲበቅሉ የከፈተው በር ይህ ነው፤ አንድ አንቀጽ ብቻ።

### 2. ተደራቢ ዞን

ነባሩ ዞን ሳይነካ ከላዩ ሌላ ንብርብር ይጨመርበታል፦ «ከጣቢያው 400 ሜትር ውስጥ እነዚህ ተጨማሪ ሕጎች ይሠራሉ»። በፖለቲካ ረገድ ቀላል ነው፤ ሙሉውን ደንብ መክፈት አያስፈልግም። ችግሩ ሁለት ሕግ በአንድ ቦታ መኖሩ ነው። የታችኛው ከመንገድ ስድስት ሜትር ራቅ ሲል የላይኛው ተጠጋ ይላል፤ የትኛው እንደሚገዛ በግልጽ ካልተጻፈ አልሚው የሚጠቅመውን ይመርጣል። ሌላው ወጥመድ ተደራቢውን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ደንቡ ወረቀት ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። እኔ ተደራቢ ዞንን የምመክረው እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ነው።

### 3. ቅርጽ ተኮር ደንብ

ይህ ሕንፃው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከመጠየቅ ይልቅ ሕንፃው ከመንገዱ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ይደነግጋል፦ ፊቱ የሚያርፍበት መስመር፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ፎቅ፣ በመንገድ ትይዩ ያለው መስኮት ስንት በመቶ እንደሚሆን፣ የመኪና መግቢያው በጎን ወይም በጀርባ መሆኑ። ዝቅተኛ ፎቅ የሚለውን ልብ ይሏል፤ በጣቢያ አጠገብ ባለ አንድ ፎቅ የነዳጅ ማደያ ለአርባ ዓመት እንዳይቀመጥ የሚከለክለው እሱ ነው። የማያሚ አዲሱ ደንብ በ2010 ሥራ ላይ ሲውል መላ ከተማዋን በዚህ መንገድ ሸፍኗል፤ ከላይ ያነሣነው የቡፋሎ ደንብም የዚሁ ወገን ነው።

ከመመዘኛዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከሞላ ጎደል የሚያሟላው ይህ ብቻ ነው። ሥዕልና ልኬት ስላለው አልሚው አስቀድሞ ያውቃል፤ ያሟላ ፈቃድ ያገኛል። ዋጋው የሚከፈለው መጀመሪያ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ መንገድ መለካት፣ ነዋሪው መወያየት፣ ሥዕሉ መሣል አለበት። ሰነዱ ከሌላ ከተማ ተቀድቶ ሲመጣ ደግሞ ያስቃል፤ ሁለት ሜትር የእግረኛ መንገድ ባለበት ሦስት ሜትር የካፌ በረንዳ ይደነግጋል። የመሬት ዋጋ ጭማሪውን ለሕዝብ በመመለስ በኩልም በራሱ የሚያደርገው ነገር የለም።

### 4. በድርድር የሚሰጥ ፈቃድ

የዚህ መንገድ ጥሩ ምሳሌ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትገኘው የአርሊንግተን ወረዳ ናት። ባቡሩ በአውራ ጎዳናው መካከል ሳይሆን በነባሩ የንግድ መንገድ ሥር በምድር ውስጥ እንዲያልፍ ተከራክራ አሳካች፤ መሥመሩም በ1979 እስከ ቦልስተን ጣቢያ ደረሰ። ከዚያ መሠረታዊውን ዞን ዝቅ አድርጋ አቆየችው፤ ከዚያ በላይ መሥራት የሚፈልግ አልሚ የቦታ ፕላን አቅርቦ ይደራደራል፣ በለውጡም የእግረኛ መንገድ፣ አደባባይ ወይም ተመጣጣኝ ቤት ይሰጣል። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ጣቢያዎቹ ላይ ተሰብስበው ወደ ነባሮቹ የመኖሪያ ሰፈሮች ሲቃረቡ ዝቅ ይላሉ።

ይህች ወረዳ የምትማርከኝ በሌላ ምክንያት ነው፦ ባቡር በሌለው በኮሎምቢያ ፓይክ ጎዳና በ2003 ቅርጽ ተኮር ደንብ አውጥታለች። ባቡር ባለበት መሬቱ ተፈላጊ ስለሆነ መደራደር ይቻላል፤ አውቶቡስ ብቻ ባለበት አልሚውን የሚስበው የተቆረጠ ደንብና ፈጣን ፈቃድ ነው። አንድ አስተዳደር ሁለት መሣሪያ የሚይዝበት ምክንያት እንዲህ መሆን አለበት።

ድርድር የሠለጠነ ተደራዳሪ፣ ትዕግሥትና ንጹሕ አሠራር ይጠይቃል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ለእግረኛው የሚተርፈው አንድ ፏፏቴና ሦስት አግዳሚ ወንበር ነው።

የድርድር የመጨረሻው ጫፍ ባቡር ድርጅቱ ራሱ አልሚ ሲሆን ነው። በሆንግ ኮንግ የምድር ባቡር ኩባንያው ከመንግሥት የግንባታ መብት የሚያገኘው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመሬት ዋጋ ነው፤ ከግል አልሚዎች ጋር ገንብቶ ልዩነቱን ለሐዲድ ሥራ ያውለዋል። በገንዘብ ረገድ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ለመንገዱ ግን ተጠንቀቁ፦ በካውሉን ጣቢያ ላይ የቆሙት ማማዎች፣ 484 ሜትር የሚረዝመውን ሕንፃ ጨምሮ፣ በአንድ ግዙፍ መደብ ላይ ተነሥተዋል። ተሳፋሪው በገበያ ማዕከሉ ውስጥ አልፎ ቤቱ ይገባል፤ ከመደቡ ሥር ያለው መንገድ ለመኪና ቀርቷል።

### 5. በክፍያና በማበረታቻ የሚገኝ ተጨማሪ ወለል

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ በ2014 ባወጣችው መሪ ፕላን በባቡርና በአውቶቡስ መሥመሮች ዳር ምጣኔውን እስከ 4 ፈቀደች፤ ከመሠረታዊው በላይ ላለው ግን አልሚው ለከተማዋ ይከፍላል። ከአንድ ቤት አንድ ማቆሚያ በላይ የሚሠራ ጋራዥ ከተፈቀደው ወለል ላይ ይቆጠርበታል፤ በመንገድ ትይዩ ሱቅ የከፈተ ደግሞ ያ ስፋት በተወሰነ መጠን አይቆጠርበትም። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው፦ «ሱቅ ክፈት» ብሎ አላዘዘም፣ ሱቅ መክፈት ትርፍ እንዲሆን አደረገ።

አልሚ ግን ሒሳብ ያውቃል። ደንቡ በቤት ብዛት ስለሚቆጥር በጣም ትንንሽ ስቱዲዮዎች በብዛት ተሠሩ፤ ለቤተሰብ የሚሆነው ቤት አነሰ። በ2023 በተደረገው ክለሳ የጋራዥ ገደቡ ላላ። ማበረታቻ የሚያወጣ ከተማ ቁጥሮቹን በየጥቂት ዓመቱ ለመከለስ መዘጋጀት አለበት፤ አንድ ጊዜ አውጆ መተው አያዋጣም።

### 6. ከላይ የሚመጣ ግዴታ

ከተማዎች በራሳቸው ካልለወጡ አገር ወይም ክፍለ ሀገር «ከዚህ አታሳንሱ» የሚል ዝቅተኛ መጠን ያስቀምጥላቸዋል። ኒውዚላንድ በ2020 ከፈጣን ትራንስፖርት ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ትልልቅ ከተሞቿ ቢያንስ ስድስት ፎቅ እንዲፈቅዱ አዘዘች። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የ2023ቱ ሕግ ይበልጥ ዝርዝር ነው፦ ከስካይትሬይን (የቫንኩቨር አካባቢ የከተማ ባቡር) ጣቢያ 200 ሜትር ውስጥ 20 ፎቅና ምጣኔ 5፣ እስከ 400 ሜትር 12 ፎቅና ምጣኔ 4፣ እስከ 800 ሜትር 8 ፎቅና ምጣኔ 3። በእነዚህ መጠኖች ውስጥ ያለን ማመልከቻ ከተማው በከፍታው ምክንያት ሊከለክል አይችልም።

ደረጃ በደረጃ ዝቅ የሚለው አሠራር ግሩም ነው። ክፍተቱ እንደ አንደኛው አማራጭ ነው፤ ስለ ምድር ወለል ዝም ይላል፣ እሱን ከተማው ራሱ መሙላት አለበት።

ከስድስቱ ውጪ አንድ ትንሽ ግን ስለታም ደንብ ልጨምር። በኮፐንሃገን አካባቢ ከ1,500 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ቢሮ በመርሕ ደረጃ ከጣቢያ 600 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። ሰው ከቤቱ እስከ ጣቢያ ብስክሌት ሊኖረው ይችላል፤ በሥራው በኩል ሲወርድ ያለው እግሩ ብቻ ነው። ስለ ጣቢያ ዙሪያ ሲታሰብ ሁሉም ስለ መኖሪያ ያወራል፤ ቢሮውንና ሆስፒታሉን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የምድር ወለልና መንገድ | ግልጽነትና ፍጥነት | የሚጠይቀው አቅም | ለሕዝብ የሚመለስ ጥቅም |
|---|---|---|---|---|
| ነባሩን ማሻሻል | ደካማ | በጣም ፈጣን | ዝቅተኛ | ከሞላ ጎደል የለም |
| ተደራቢ ዞን | እንደ አጻጻፉ | መካከለኛ፣ ግጭት አለው | መካከለኛ | አነስተኛ |
| ቅርጽ ተኮር | በጣም ጥሩ | ከወጣ በኋላ ፈጣን | መጀመሪያ ከፍተኛ፣ ኋላ ዝቅተኛ | በራሱ የለውም |
| ድርድር | እንደ ተደራዳሪው | ዘገምተኛ | ሁልጊዜ ከፍተኛ | ከፍተኛ ሊሆን ይችላል |
| ክፍያና ማበረታቻ | ጥሩ፣ ቁጥሩ ከተስተካከለ | ጥሩ | መካከለኛ፣ ክለሳ ይፈልጋል | ከፍተኛ |
| ከላይ የሚመጣ ግዴታ | ደካማ | ፈጣን | ለከተማው ዝቅተኛ | አነስተኛ |

## ለማን የቱ?

ጥቂት ባለሙያና ትንሽ በጀት ላለው ከተማ። ድርድርን ይርሱት። ነባሩን ዞን አሻሽለው አራት አንቀጽ ብቻ ይጨምሩ፦ ሱቅና መኖሪያ አብረው ይፈቀዱ፤ ሕንፃ ከእግረኛ መንገድ ከሦስት ሜትር በላይ አይራቅ፤ በመንገድ በኩል ከ10 ሜትር የበለጠ ድፍን ግድግዳ አይኑር፤ የማቆሚያ ግዴታ ይነሣ። ሦስት ሜትርና 10 ሜትር የእኔ መነሻዎች ናቸው፤ በሰፈሩ ለክተው ያስተካክሏቸው። አራቱም በሜትር ተለክተው ወይም በዓይን ታይተው የሚረጋገጡ ስለሆኑ የአንድ ተቆጣጣሪ ሥራ ናቸው።

ለዝግጅት ገንዘብ ላለው፣ ብዙ ጣቢያ ለሚጠብቅ ከተማ። ቅርጽ ተኮር ደንብ ይሥሩ፤ ተጨማሪ ወለሉን ግን በክፍያ ያድርጉት። ሦስተኛውና አምስተኛው ሲጋቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በሁሉም ጣቢያ በአንድ ጊዜ አይጀምሩ፤ ግንባታ በቅርቡ በሚጠበቅበት አንድ ጣቢያ ይሞክሩት።

መሬቱ የባቡር ድርጅቱ ከሆነ። የሆንግ ኮንግ መንገድ ያዋጣል፤ ነገር ግን የግንባታ መብቱ ከመሰጠቱ በፊት የሕዝብ መንገዶቹ በካርታ ላይ ይሰመሩ፤ ሌሊትም ክፍት መሆናቸው በውሉ ይጻፍ። ከፊርማ በኋላ የሚጠየቅ መንገድ አይገኝም።

ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ለሚኖሩበት ነባር ሰፈር። ገደቡን በድፍኑ ማንሣት ተከራዩን ቀድሞ ያስወጣዋል። ጭማሪው ከተመጣጣኝ ቤት ጋር በክፍያ ወይም በግዴታ ይታሰር፤ ብሎኮቹ ትንንሽ ሆነው ይቆዩ፣ ትንሽ ቦታ ያለው ባለይዞታም ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል መገንባት ይቻለው። ነባሮቹ ጠባብ መተላለፊያዎች ለሰፈሩ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ በመሬት ማዋሐድ ሰበብ አይዘጉ።

ምክር ቤቱ ለሚያመነታበት ከተማ። ተደራቢ ዞን ይጀምሩ፤ ግዴታ ያድርጉት፣ «በሚጋጩበት ጊዜ ይህ ይገዛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ በዋናው ደንብ እንዲጠቃለልም ቀን ይቁረጡለት።

ረቂቁ ለአስተያየት የቀረበለት ነዋሪ። ሁሉንም ገጽ ማንበብ አያስፈልግዎትም። «ማቆሚያ»፣ «በር» እና «ርቀት» የሚሉትን ቃላት ፈልገው በአጠገባቸው ቁጥር መኖሩን ይዩ። «ለእግረኛ ምቹ እንዲሆን ይበረታታል» የሚል ብቻ ካገኙ፣ በስብሰባው ላይ እጅዎን አውጥተው «ስንት ሜትር?» ብለው ይጠይቁ።